በቅሎ ተከልክሎ ቤንዚን ስለ ተለቀቀበት ማዕቀብ

በገበያ ውሎ የሚያድር ሰው ሁሉ ሁለት ነገር ያውቃል። አንደኛው፤ ሚዛን የያዘው እጅ ካልታመነ እህሉ ንጹሕ ቢሆንም ንግዱ ንጹሕ እንደማይሆን ነው። ሁለተኛውም፤ ሁለት ሰዎች ሲጣሉ «እኔ የለሁበትም» ብሎ ዘወር ያለ ሰው፤ በእጁ የያዘውን ዱላ ለአንደኛው ሸጦ እንደ ሆነ ዘወር ማለቱ ከነገሩ ነጻ እንደማያወጣው ነው። ጲላጦስ በሕዝብ ፊት እጁን በውሃ ታጠበ፤ ነገር ግን ንጹሑን ለሰቃዮች አሳልፎ የሰጠ እርሱ መሆኑን መታጠቡ አላስቀረለትም። በሰውና በሰው መካከል እንዲህ ከሆነ፤ በመንግሥትና በመንግሥት መካከልም ፍርዱ ከዚህ የተለየ ሊሆን አይገባም።

መንግሥታት ተሰብስበው አንዱን ወራሪ «ከእንግዲህ ወዲህ ከአንተ ጋራ አንነግድም» ብለው ሲያድሙበት ይህ ነገር የንግድ ማዕቀብ ይባላል፤ በጄኔቭ ጉባኤ ዘመን ግን በፈረንጅ አፍ ሳንክሲዮን ይባል ነበር። ከአድማው ውጭ የቀሩት መንግሥታት ደግሞ ገለልተኞች ይባላሉ። በእነዚያ አገሮች የተቋቋሙት የንግድ ኩባንያዎች በዚህ ጊዜ ምን ያደርጋሉ? ሱቃቸውን ይዘጋሉን? ወይስ ሌላው የተወውን ገበያ ያነሣሉን? ጥያቄው ዛሬም በዓለም ላይ የሚነሣ ነው፤ ነገር ግን ኢትዮጵያ መልሱን ያወቀችው በመጽሐፍ አንብባ ሳይሆን በ1928 ዓ.ም. በገዛ ሥጋዋ ቀምሳ ነው። ለዚህ ነገር ምስክር የሚሆኑ ብዙ አውራጃዎች ሲኖሩ፤ በምሥራቅ ጎጃም ያሉት ብቸናና ሞጣ ግን የተለየ ቃል አላቸው።

ብቸናና ሞጣ ከጮቄ ተራራ ወደ ምሥራቅና ወደ ሰሜን በሚወርደው አገር ላይ የተቀመጡ፤ የጤፍና የከብት በረከት ያላቸው ከተሞች ናቸው። የመጻሕፍት መምህራን የተነሡባቸው ደብረ ወርቅና ዲማ ጊዮርጊስ በብቸና ዙሪያ ይገኛሉ። ሞጣም በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያኗና ዓባይን አሻግሮ ወደ በጌምድር በሚያወጣው የነጋዴ መንገድ የታወቀች ናት። መኪና ባልገባበት ዘመን በእነዚህ አገሮች ያለ በቅሎና ያለ አህያ ንግድ የሚባል ነገር አልነበረም። በቅሎ ለነጋዴው መርከቡ፤ ለወታደሩ ስንቅ ተሸካሚው፤ ለካህኑና ለባላባቱም መቀመጫው ነበረ። የብቸና ገበሬ በቅሎውን ሸጦ ግብሩን ይከፍላል፤ የሞጣ ነጋዴም በቅሎውን ጭኖ ዓባይን ይሻገራል።

እንግዲህ የዚህ አገር ሰው ቢሰማው የሚያስደንቀው ነገር ይህ ነው። በኅዳር 8 ቀን 1928 ዓ.ም. በኢጣልያ ላይ በሥራ የዋለው ማዕቀብ፤ ወደ ኢጣልያ እንዳይላኩ ከከለከላቸው ነገሮች መካከል ፈረስ፤ በቅሎ፤ አህያና ግመል በመጀመሪያው መስመር ተጽፈው ነበር። ከእነርሱ ቀጥሎም ጎማ፤ የብረት ማዕድን፤ ኒኬል፤ ቆርቆሮና አሉሚንየም ተቈጥረዋል። አሉሚንየም ግን ኢጣልያ ራሷ በብዛት የምታወጣው ነበረ። በዝርዝሩ ውስጥ ያልተገኙት ደግሞ ቤንዚንና የነዳጅ ዘይት፤ ድንጋይ ከሰል፤ የተሠራ ብረት፤ መዳብና ጥጥ ነበሩ። ያ ጦርነት ከሰማይ በአውሮፕላን፤ በምድር በመኪና የተደረገ ጦርነት ነው። በቅሎው ተከለከለ፤ አውሮፕላኑንና መኪናውን የሚያንቀሳቅሰው ቤንዚን ግን ተለቀቀ።

ይህ ነገር እንዴት እንደ ሆነ ለማየት ከሥሩ መጀመር ያስፈልጋል። በኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. በወልወል የኢጣልያና የኢትዮጵያ ወታደሮች ከተጋጩ በኋላ፤ ኢጣልያ በኤርትራና በሶማልያ ጦሯን ማከማቸት ጀመረች። ኢትዮጵያም አቤቱታዋን ለዓለም መንግሥታት ማኅበር አቀረበች። ነገሩ በጄኔቭ ሲጓተት ክረምት ሆነ። በዚያ ክረምት እንግሊዝና ፈረንሳይ ለሁለቱም ወገን የጦር መሣሪያ እንዳይሸጥ ከለከሉ። በነሐሴ 25 ቀን 1927 ዓ.ም. ደግሞ የማኅበሩ አባል ያልሆነችው አሜሪካ ለተዋጊዎች ሁሉ መሣሪያ መሸጥን የሚከለክለውን የገለልተኝነት ሕግ አወጣች፤ ጦርነቱም እንደ ተጀመረ በሥራ ላይ አዋለችው።

ቃሉን ብቻ ለሚሰማ ሰው ይህ ትክክል ፍርድ ይመስላል፤ ለአንዱም አልተሸጠ፤ ለሌላውም አልተሸጠ። ነገር ግን ኢጣልያ ጠመንጃውንም፤ መድፉንም፤ አውሮፕላኑንም በገዛ ፋብሪካዋ የምትሠራ ነበረች። ኢትዮጵያ ደግሞ መሣሪያዋን ከውጭ አገር ገዝታ፤ በባዕድ ወደብ አሳልፋ የምታስገባ ነበረች። ጎተራው ለሞላና ጎተራው ለጎደለ ሰው እኩል «እህል አይሸጥላችሁ» ማለት፤ አንደኛውን መመገብ፤ ሁለተኛውንም በረኃብ መግደል ነው። ገለልተኝነት በዚህ ቦታ የሁለት ሰዎችን ሸክም በአንድ ልክ ሲቈርጥ፤ አንደኛው አስቀድሞ የተሸከመውን ሳይመዝን ቀረ።

በዚያው ነሐሴ ወር ኢትዮጵያ ገለልተኛውን ነጋዴ ወደ ራሷ ለመሳብ ሞክራ ነበር። በነሐሴ 24 ቀን 1927 ዓ.ም. ግርማዊ ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፤ ፍራንሲስ ሪኬት በሚባል እንግሊዛዊ አማካይነት ለአንድ የአሜሪካ ኩባንያ በግዛቱ እኩሌታ ያህል መሬት ነዳጅ የመፈለግና የማውጣት መብት ለ75 ዓመት ሰጡ። የኩባንያው ባለቤት ስታንዳርድ ቫኩም የሚባለው ታላቁ የዘይት ድርጅት ነበረ። የውሉ አሳብ በግልጥ የሚታይ ነው፤ የአሜሪካ ገንዘብ በኢትዮጵያ መሬት ውስጥ ሲገባ የአሜሪካ መንግሥት ዓይን አብሮ ይመጣል ተብሎ ታስቦ ነበር። ነገር ግን የዋሽንግተን መንግሥት ከጠቡ ውስጥ እንዳይገባ ስለ ፈራ ኩባንያውን መከረው፤ ኩባንያውም በነሐሴ 28 ቀን፤ ውሉ በተፈረመ በአምስተኛው ቀን፤ መብቱን ተወ። እንግዲህ ተመልከቱ፤ ከተበዳዩ ጋራ የተደረገው ውል በአንድ ምክር በአምስት ቀን ፈረሰ። ለበዳዩ የሚሄደውን ቤንዚን ለማቆም ግን ብዙ ወራት የወሰደ ምክር አልበቃም።

የሌሎቹም ገለልተኞች ነገር እንደዚሁ የተጣመመ ነበረ። ጀርመን ከማኅበሩ ወጥታ ስለ ነበረ ማዕቀቡ አላሰራትም። መንግሥቷ በ1927 ዓ.ም. ኢጣልያ በአፍሪቃ እንድትያዝ ፈልጎ፤ የፋብሪካው ምልክት የተፋቀ ጠመንጃ በስውር ወደ ኢትዮጵያ ላከ። ማዕቀቡ ከተጀመረ በኋላ ደግሞ የጀርመን ድንጋይ ከሰል እንግሊዝ የተወችውን የኢጣልያን ገበያ እየያዘ ሄደ። በአንድ እጅ ለተወጋው፤ በሌላው እጅ ለወጊው መሸጥ ማለት ይህ ነው።

ኦስትሪያም ማዕቀቡን አልቀበልም ካሉት አንዷ ነበረች። የብቸናና የሞጣ ሰው ኦስትሪያን በስሟ ባያውቃት በብሯ ያውቃት ነበር፤ በገበያው በቅሎና በሬ የሚሸጥበት፤ 1780 የሚል ዓመት የተቀረጸበት፤ የማርያ ቴሬዛ መልክ ያለበት ጠገራ ብር የእርሷ ነበረና። በ1927 ዓ.ም. ክረምት የቪየና መንግሥት ይህን ብር የሚመቱበትን ቅርጽ ለኢጣልያ አሳልፎ ሰጠ። ስለዚህ የጎጃም ገበሬ ለአባቱ ለአያቱ ታማኝ የነበረውን ብር የመምታት ሥልጣን በጠላቱ እጅ ገባ። ብዙ ሳይቈይም በሎንዶን ያሉት የብር ነጋዴዎች ገበያው እንዳያመልጣቸው በእንግሊዝ ማተሚያ ቤት ያንኑ ብር ያስመቱ ጀመር። ጦርነት በአንድ አገር ሲነሣ የገንዘብ ነጋዴ በሌላ አገር እንዴት እንደሚነቃ ከዚህ ይታያል።

ኢጣልያ በመስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. መረብን ተሻግራ ወረራውን ከጀመረች በኋላ፤ የማኅበሩ ምክር ቤት በመስከረም 26 ቀን ኢጣልያ ቃል ኪዳን አፍርሳ ጦርነት ማንሣቷን ፈረደ። 50 መንግሥታትም በፍርዱ ተባበሩ። በአማርኛ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፤ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚባል ተረት አለ፤ ይህ ቀን ተረቱ የተፈጸመበት ቀን ይመስል ነበር። ለኢትዮጵያ መሣሪያ መሸጥ ተፈቀደ፤ ለኢጣልያ ግን ተከለከለ፤ ለእርሷ ገንዘብ ማበደርም ተከለከለ፤ ከእርሷ ዕቃ መግዛትም ተከለከለ። ነገር ግን ኦስትሪያ፤ ሀንጋሪና አልባንያ እምቢ አሉ። አሜሪካና ጀርመንም ከማኅበሩ ውጭ ነበሩ። ሎሚው ለሃምሳ ሰው ቢከፈልም ከረጢቱ በብዙ ቦታ የተቀደደ ሆነ።

ከቀዳዳዎቹ ሁሉ ይልቅ ትምህርት የሚሆነው የስዊስ ነገር ነው፤ ጉባኤው የተሰበሰበባት ጄኔቭ የስዊስ ከተማ ናትና። ስዊስ የማኅበሩ አባል ስትሆን ከጥንት ጀምሮ ገለልተኛ መሆኗ የታወቀ ስለ ነበረ፤ በጦር ከሚደረግ ቅጣት ነጻ እንድትሆን በ1912 ዓ.ም. ተፈቅዶላት ነበር። ማዕቀቡ በመጣ ጊዜ መሣሪያ መሸጥን ለኢጣልያም ለኢትዮጵያም እኩል ከለከለች። ከኢጣልያ ዕቃ መግዛትን ግን አላቋረጠችም፤ ንግዱ ከ1934 የፈረንጆች ዓመት መጠን እንዳያልፍ ብቻ ወሰነች። ይህም የራሱ ክርክር ነበረው፤ ጎረቤት ነንና በሩን ጨርሰን አንዘጋም፤ ነገር ግን በሌሎች መከልከል አንከብርም ማለት ነበር። ስዊስን ከሌሎች ይልቅ በቅንነት ያደረገች ልንላት የሚያሰኝ ነገር አለበት። ሆኖም «የተለመደ መጠን» የሚባለው ነገር የሰላም ዘመን መለኪያ ነው፤ ቤት በሚቃጠልበት ቀን ለአቃጣዩ የተለመደውን ያህል እሳት መስጠት ቤቱን ከመቃጠል አያድነውም።

አሜሪካም ይህንኑ መለኪያ ወሰደች። ሕጓ ጠመንጃና ጥይት መሸጥን እንጂ ቤንዚን መሸጥን አይከለክልም ነበር። ስለዚህ በኅዳር 5 ቀን 1928 ዓ.ም. የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ኮርዴል ሀል ዘይት፤ መዳብ፤ የጭነት መኪና፤ ትራክተርና የብረት ቍርጥራጭ ለተዋጊዎች ከተለመደው መጠን በላይ መላክ ከመንግሥቱ አሳብ ጋራ የማይስማማ መሆኑን አስታወቁ። ይህ የኅሊና ማዕቀብ ተባለ። ለኅሊና የሚታዘዝ ነጋዴ ታዘዘ ይሆናል፤ ነገር ግን ዳኛ የሌለበት ትእዛዝ ስለ ሆነ በእነዚያ ወራት ከአሜሪካ ወደ ኢጣልያና ወደ አፍሪቃ ግዛቶቿ የተጫነው ዘይት ከቀድሞው ልማድ በብዙ በለጠ። አንዱ ኩባንያ ቢያፍር ሌላው ይጭናል፤ ትልቁ ቢተው ትንሹ ያነሣል፤ ዋጋውም በፍርሃት ጊዜ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

የአሜሪካ ገለልተኝነት ለገለልተኞች ብቻ ሳይሆን ለማኅበሩ አባሎችም መሸሸጊያ ሆነ። ለኢጣልያ ብዙ ዘይት ይሸጡ የነበሩት ሩማንያና ሩሲያ የማኅበሩ አባሎች ነበሩ። «ሌሎቹ ከዘጉ እንዘጋለን» አሉ፤ ሌሎቹም ዓይናቸውን ወደ አሜሪካ አንሥተው «እርሷ ካልዘጋች ገበያችንን ለምን እናጣለን?» አሉ። ሙሶሊኒም ዘይት ቢከለከል እንደ ጦርነት እቈጥረዋለሁ ብሎ አስፈራራ። የሊቃውንት ጉባኤ ተሰብስቦ በየካቲት 4 ቀን 1928 ዓ.ም. ያቀረበው ጽሑፍ፤ ማኅበሩ በሙሉ ቢከለክልና አሜሪካም ከተለመደው መጠን ባታልፍ፤ ኢጣልያ ከሦስት ወር እስከ ሦስት ወር ተኩል ባለው ጊዜ ውስጥ ዘይት እንደሚያልቅባት ገለጠ። ነገር ግን ጽሑፉ ተጽፎ ሳይፈጸም ቀረ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የተባለው እንደዚህ ላለው ነገር ነው። ሙሶሊኒም በኋላ በ1931 ዓ.ም. መጀመሪያ በሙኒክ ለሂትለር፤ ዘይት ተከልክሎ ቢሆን ኖሮ በአንድ ሳምንት ከኢትዮጵያ መውጣት ግድ ይሆንብኝ ነበር ብሎ እንደ ነገረው በቦታው የነበረው አስተርጓሚ ጽፏል።

የስዌዝ ቦይም ነገር ሊረሳ አይገባውም። የኢጣልያ ወታደርና መሣሪያ ወደ ምፅዋ የሚያልፈው በዚያ ነበር። ቦዩን የያዘው ኩባንያ በ1881 ዓ.ም. ገደማ በቍስጥንጥንያ የተፈረመው ውል በሰላምም በጦርነትም ለመርከብ ሁሉ እንዲከፈት ያዝዛል ብሎ በሩን ከፍቶ ተቀመጠ፤ ከሚያልፈውም መርከብ ቀረጡን ተቀበለ። ስለዚህ እያንዳንዱ ወደ ጦርነት የሚሄድ መርከብ ለኩባንያው ትርፍ ሆነ።

እንግዲህ ይህ ሁሉ በወረቀትና በወደብ ላይ የተደረገው ነገር በጎጃም ሰው ላይ እንዴት እንደ ደረሰ እንይ። በዚያን ጊዜ ጎጃምን ይገዙ የነበሩት ልዑል ራስ እምሩ የጎጃምን ጦር ይዘው በ1928 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ ሽሬ ግንባር ዘመቱ። ሰው በእግሩ፤ ስንቁም በበቅሎና በአህያ ተጭኖ፤ ዓባይን ተሻግሮ በበጌምድር በኩል ወደ ተከዜ ወረደ። በታኅሣሥ 5 ቀን በደምበጉና መተላለፊያ ይህ ጦር የኢጣልያን ጦር ገጥሞ አሸነፈ፤ ታንክ አይቶ የማያውቀው ሰው ታንኩን በእጁ እየያዘ አቆመው። በምድር ላይ ሰው ከሰው ጋራ በተገናኘበት ቦታ ነገሩ እንዲህ ነበር።

ከዚህ በኋላ ግን ጠላት ከሰማይ መጣ። በታኅሣሥ 13 ቀን 1928 ዓ.ም. አውሮፕላኖች በተከዜ አጠገብ በራስ እምሩ ጦር ላይ የመርዝ ፈሳሽ የያዙ በርሜሎችን ጣሉ። ሰው ፊቱና እጁ እየተቃጠለ ወደ ወንዙ ሮጠ፤ ወንዙም ራሱ ተመርዞ ነበር። በየካቲት 21 ቀን በተጀመረው የሽሬ ጦርነትም ወደ ኋላ የሚመለሰው ሰው በተከዜ መሻገሪያ ላይ በቦምብና በመርዝ ተመታ። ስንቅ የተሸከሙት በቅሎዎችም ከባለቤቶቻቸው ጋራ ወደቁ። አውሮፕላን ያለ ቤንዚን አይበርም፤ ኢጣልያም ከገዛ ምድሯ የምታወጣው ቤንዚን እዚህ የማይባል ነበረ። ያ በርሜል ከሰማይ እንዲወርድ አስቀድሞ ሌላ በርሜል በመርከብ ተጭኖ መምጣት ነበረበት። የጫነው ነጋዴ የተከዜን ስም ሰምቶ አያውቅም፤ ስለ አላወቀ ግን ሥራው አልተለወጠም።

አዲስ አበባ በሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. በጠላት እጅ ገባች። ግርማዊ ንጉሠ ነገሥት በሰኔ 23 ቀን በጄኔቭ ጉባኤ ቆመው የሕዝባቸውን አቤቱታ አሰሙ። ጉባኤው አቤቱታውን ከሰማ በኋላ ማዕቀቡ በሐምሌ 8 ቀን 1928 ዓ.ም. ተነሣ። ስዊስም በ1930 ዓ.ም. ከማዕቀብ ሁሉ ነጻ የሆነ ሙሉ ገለልተኝነቷን ከማኅበሩ አስፈቀደች።

ለእውነት ሲባል ግን ማዕቀቡ ፈጽሞ ከንቱ ነበር ማለት አይቻልም። የኢጣልያ ዕቃ በውጭ አገር ገዥ አጣ፤ የወርቅ ሀብቷም ተመናመነ፤ እስከ ታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ድረስ ነገሩ ተጠናክሮ ሴቶች የጋብቻ ቀለበታቸውን ለመንግሥቱ እንዲሰጡ ተደረገ። የቤንዚኑ በር አብሮ ቢዘጋ ኖሮ ውጤቱ ሌላ ሊሆን ይችል እንደ ነበረ ይህ ራሱ ያስረዳል። ጥፋቱ ማዕቀብ በማድረግ ላይ ሳይሆን፤ ማዕቀቡ ከልካዩን እንዳይጎዳ ተመርጦ በመደረጉ ላይ ነው።

የገለልተኛው ነጋዴም የሚለው ነገር አለው፤ ሊሰማም ይገባዋል። «እኔ ሕግ አልጣስሁም፤ እኔ ባልሸጥ ሌላው ይሸጣል፤ ሠራተኞቼም ደመወዝ ይፈልጋሉ፤ በመንግሥታት ጠብ ላይ ፈራጅ ሊያደርገኝ ማን ሾመኝ?» ይላል። ይህ ቃል ውሸት አይደለም። ነገር ግን የኢትዮጵያ ባላገር በልማዱ መልሱን ያውቃል። በሬ ወይም በቅሎ በገበያ ሲሸጥ ገዥው ከሻጩ ዋስ ይጠራል፤ ከብቱ የተሰረቀ ሆኖ ቢገኝ ማን እንደሚጠየቅ አስቀድሞ እንዲታወቅ ነው። በአውጫጭኝ ጊዜም አገሩ ሁሉ ይሰበሰባል፤ «እኔ ሌባውን አላየሁም» የሚል ሰው ይህን በመሐላ ያጸናል እንጂ ዝም ብሎ ወደ ቤቱ አይሄድም። ነጋዴ ዕቃው የት እንደሚደርስ መጠየቅ የሥራው ክፍል መሆኑን ባላገሩ ከፈረንጅ ኩባንያ ቀድሞ ዐውቆታል።

ከዚህም በላይ የሞጣ አገር ሰዎች በሥራ ያሳዩት አንድ መልስ አለ። ከሞጣ በታች በዓባይ ላይ ከአፄ ፋሲለደስ ዘመን ጀምሮ የቆመ የድንጋይ ድልድይ ነበረ። ጎጃምንና በጌምድርን የሚያገናኝ፤ የሞጣ ነጋዴ በቅሎውን ጭኖ የሚያልፍበት የእንጀራው በር ነበረ። ጠላት በያዘበት ዘመን አርበኞች እንዳይሻገርበት ብለው መካከለኛውን ቅስት አፈረሱት፤ ሲያፈርሱትም ከድንጋዩ ጋራ ወንዙ ውስጥ ወድቀው የሞቱ እንደ ነበሩ ይነገራል። ከዚያ ወዲህ ስሙ ሰባራ ድልድይ ሆነ። ጠላት ከወጣ በኋላም ለብዙ ዓመታት መንገደኛው ሰባራው ላይ ቆሞ በገመድ እየተጎተተ ይሻገር ነበር። የሞጣ ሰው የጠላቱን መንገድ ሲዘጋ የራሱን መንገድ ዘጋ፤ ዋጋውንም ከልጅ እስከ ልጅ ልጅ ከፈለ።

የስዌዝን ቦይና የሞጣን ድልድይ ጎን ለጎን ማየት ስለ ማዕቀብ ከተጻፈው ብዙ መጽሐፍ ይልቅ ያስተምራል። በአንደኛው ቦታ ሀብታም ኩባንያ ቀረጡ እንዳይቀርበት በሩን ከፈተ፤ በሁለተኛው ቦታ ድኻ ባላገር እንጀራው እንደሚቀርበት እያወቀ በሩን አፈረሰ። ከልካዩን ምንም የማያስከፍል ክልከላ የተከለከለውንም ምንም አያስከፍለውም።

የብቸናም ነገር ከዚህ ጋራ አንድ ነው። በላይ ዘለቀ በብቸና አገር ሸፍተው ጠላትን አምስት ዓመት ሲዋጉ፤ ስንቃቸው ከባላገሩ ጎተራ የወጣ፤ መሣሪያቸውም አብዛኛው ከጠላት የተማረከ ነበረ። በ1930 ዓ.ም. የጎጃም ሕዝብ በተነሣ ጊዜ የኢጣልያ ጦር በየምሽጉ ተዘግቶ፤ ያለ ብዙ አጃቢ በመንገድ መውጣት የማይችል ሆነ። ለጠላት ያደረ ባንዳ አልነበረም ማለት አይቻልም፤ ነበረ። ነገር ግን ጄኔቭ በ50 መንግሥታት ፊርማ ያላደረገችውን መንገድ መዝጋት፤ ባላገሩ ያለ ፊርማ አደረገው።

ዓለም ከዚህ ተምራ እንደ ሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው። በ1958 ዓ.ም. በሮዴሽያ ያሉ ጥቂት ነጮች አገሩን ለራሳቸው ብቻ በያዙ ጊዜ፤ የተባበሩት መንግሥታት ማዕቀብ አደረጉባቸው፤ በዚህ ጊዜ ዘይትም ተከለከለ። የእንግሊዝ መርከቦች በቤይራ ወደብ ፊት ሲጠብቁ ዘይቱ ግን በሎሬንሶ ማርኬስና በደቡብ አፍሪቃ በኩል ገባ። በ1971 ዓ.ም. መጀመሪያ በእንግሊዝ አገር የወጣው የቢንጋም ምርመራ፤ ሼልና ቢፒ የሚባሉት ታላላቅ ኩባንያዎች ከፈረንሳዩ ቶታል ጋራ ዕቃ እየተለዋወጡ ዘይቱ በሌላ ስም እንዲደርስ ማድረጋቸውን ገለጠ። ስዊስም ያን ጊዜ የማኅበሩ አባል ስላልነበረች፤ እንደ 1928ቱ ከሮዴሽያ የምታስገባው ዕቃ ከቀድሞው መጠን እንዳያልፍ ብቻ ወሰነች።

ነገር ግን የተለወጠም ነገር አለ። በ1982 ዓ.ም. ኢራቅ ኩዌትን በወረረች ጊዜ ስዊስ የተባበሩት መንግሥታትን ማዕቀብ ራሷ ተቀበለች፤ በ1994 ዓ.ም. የማኅበሩ አባል ሆነች፤ በየካቲት 21 ቀን 2014 ዓ.ም. ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት ሩሲያ ዩክሬንን በመውረሯ ያደረገውን ማዕቀብ ተቀበለች። ይሁን እንጂ በስዊስ ተቀምጠው የሩሲያን ዘይት ይነግዱ ከነበሩት ቤቶች አንዳንዶቹ ሥራቸውን ማዕቀቡ ወደማይደርስበት ወደ ዱባይ አዛወሩ። መንግሥት በሩን ሲዘጋ ነጋዴው ቤቱን ያነሣል፤ መልኩ ተለወጠ እንጂ ጠባዩ ከ1928 ብዙ አልራቀም።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ምክር ሁለት ነው። የመጀመሪያው ለደካማ አገር ነው፤ ከሌላው አገር ነጋዴ ኅሊና ላይ ጎጆውን የሚሠራ መንግሥት በአሸዋ ላይ ይሠራል። ማዕቀብን መለመን ይገባል፤ በማዕቀብ ብቻ መታመን ግን አይገባም። ሁለተኛውም ለኢትዮጵያ ነጋዴና ለኢትዮጵያ መንግሥት ነው፤ ዛሬ በሌሎች ጠብ ኢትዮጵያ ራሷ ገለልተኛ የምትሆንበት ጊዜ አለ። በዚያን ጊዜ ሰነዱን ብቻ ሳይሆን ዕቃው የሚወርድበትን ቦታ የሚጠይቅ ነጋዴ ይኑራት፤ ያ ነጋዴ ምናልባት የአንድ ሌላ አገር ተከዜን ያድን ይሆናልና።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። የሸጠውም ሰው በተለይ ይረሳል፤ መዝገቡን ከዘጋ በኋላ ነገሩ አለቀ ይመስለዋል። ከሞጣ ወደ ዓባይ የሚወርድ መንገደኛ ግን በገደሉ አፍ የቀረውን የድንጋይ ቅስት ሲያይ፤ ያ ሒሳብ በማን ላይ እንደ ተጻፈና ማን እንደ ከፈለው በዓይኑ ያነበዋል።